በየትኛው ማሽን ነው የተጫወቱት?

ሰሞኑን አንድ ጸሐፊ የቪዲዮ ጌም ግምገማ የሚያነብ ሰው ምን እንደሚፈልግ ረዘም አድርገው ጽፈዋል። እኔ ጽሑፉን ያገኘሁት ከደንበኛዬ ነው። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ተራው እስኪደርስ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ከስልኩ ጮክ ብሎ አነበበልኝና ሲጨርስ፣ «ጋሼ፣ እውነት እኛ የምንፈልገው ይሄንን ነው?» አለኝ። ቤቱ ሞልቶ ስለነበር ያን ዕለት በሁለት ቃል ሸኘሁት። ሙሉው መልስ ይኸውና።

ጸሐፊው ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። አንባቢ የሚፈልገው ነጥቡን ነው፣ ሌላው ጽሑፍ ማሟያ ነው። ገምጋሚ የራሱን ስሜት ጨርሶ ማውጣት አለበት። ጌሙን እስከ መጨረሻው ያልጨረሰ ሰው አይጻፍ። ኢንተርኔት፣ መብራት፣ የሚሞሪ ቦታና ዋጋ የአንባቢው የቤት ጣጣ ናቸው፣ ግምገማ ውስጥ አይገቡም። ቪዲዮ ከመጣ ወዲህ የጽሑፍ ግምገማ አብቅቶለታል። በመጨረሻም፣ ጌመር እንግሊዝኛ ስለሚያነብ በአማርኛ መጻፍ ትርፉ ድካም ነው። ጽሑፋቸው በጨዋ ቃል የተጻፈ ስለሆነ እኔም በዚያው አግባብ፣ በቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ።

እኔ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ላይ ፕሌይስቴሽን ቤት ከከፈትኩ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎኛል። በሁለት ፕሌይስቴሽን 2 ጀምሬ ዛሬ አምስት ፕሌይስቴሽን 4 አለኝ። ሰው በጨዋታ ወይም በሰዓት ይከፍላል። አዲስ ጌም ባስገባሁ ቁጥር ገንዘብ አወጣለሁ፣ ከማሽኑ ላይም ሌላ ጌም አጥፍቼ ቦታ እለቅለታለሁ። ካልተወደደ ገንዘቡም ቦታውም ባከነ ማለት ነው። ሪቪው የማነበው እንጀራዬ ስለሆነ ነው።

ከነጥቡ ልጀምር። አንባቢ ገጹን ሲከፍት ዓይኑ በቀጥታ ወደ ታች፣ ወደ ቁጥሩ ይወርዳል ይላሉ። እውነት ነው፣ የእኔም ይወርዳል። ዓይን መጀመሪያ ያረፈበት ነገር ግን ሰውየው የመጣበት ጉዳይ ነው ማለት አይደለም። አባቴ የመንዝ ሰው ነው። መሐል ሜዳ ገበያ በግ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ከዚያ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ወገቡን በመዳፉ ይጫናል፣ ላቱን በእጁ ይመዝናል፣ ራመድ አድርጎ እግሩን ያያል። ዋጋ ብቻ ሰምቶ በግ የነዳበትን ቀን አላስታውስም።

ከዓመታት በፊት ከ10 ዘጠኝ ያገኘ አንድ ጌም አስገባሁ። ያነበብኳቸው ገምጋሚዎች ሁሉ አወድሰውታል፣ ውዳሴውም ሐሰት አልነበረም። እኔ ራሴ ቤቱን ከዘጋሁ በኋላ ማታ ማታ ተጫውቼ ጨረስኩት፤ እስከ ዛሬ ከምወዳቸው አንዱ ነው። ነገር ግን የአንድ ሰው ጨዋታ ነበር። እኔ ቤት ሰው የሚመጣው ሁለትና ሦስት ሆኖ ነው፤ አንዱ ሲጫወት ሌላው እጁን አጣጥፎ የሚያይበት ጌም እዚህ አይሠራም። በሁለት ወር ውስጥ ከአሥር ጊዜ በላይ አልተከፈተም። ዘጠኙ ይህን ሊነግረኝ አይችልም ነበር። «ለሁለት ሰው አይሆንም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ገንዘቤን ታድን ነበር።

ደግሞ ቁጥሩ ከየት ነው የሚመጣው? ሜታክሪቲክ የሚባለው ድረ ገጽ ከ2001 ጀምሮ (የጌሞቹን ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የገምጋሚዎችን ነጥብ እየሰበሰበ ከመቶ አንድ ቁጥር ያወጣል። 75 እና ከዚያ በላይ ያገኘውን ጌም አረንጓዴ፣ ከ50 በታች የሆነውን ቀይ ይቀባዋል። ስሌቱ ተራ አማካይ አይደለም፤ ለአንዱ ገምጋሚ ከሌላው የበለጠ ክብደት ይሰጣል፣ ለማን ምን ያህል እንደሚሰጥ ግን አይገልጽም። በ2010 ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ ሲወጣ፣ ጌሙን የሠራው ኦብሲዲያን ከአሳታሚው ከቤተስዳ ተጨማሪ ክፍያ የሚያገኘው ሜታክሪቲክ ላይ 85 ከደረሰ ብቻ ነበር። ያገኘው 84 ነው። ከኦብሲዲያን መሥራቾች አንዱ የሆነው ክሪስ አቬሎን በ2012 ይህን በአደባባይ ተናግሯል። ጆይስቲክ የያዘ እጅ በ84 እና በ85 መካከል ልዩነት አያገኝም። ያቺ አንዲት ነጥብ ለሠሪዎቹ ገንዘብ ነበረች፤ ለተጫዋቹ ምንም ያልጨመረች ያልቀነሰች ናት።

አንድ ምሳሌ ብቻ ልጨምር። ሲምሲቲ የተባለው የከተማ ግንባታ ጌም በማርች 2013 ሲወጣ ፖሊጎን የተባለው ድረ ገጽ 9.5 ሰጠው። ጌሙ ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት ነበርና ሰው ገዝቶ ሲገባ ሰርቨሩ (ጌሙ በኢንተርኔት የሚገናኘው የኩባንያው ኮምፒውተር) ተጨናነቀ፣ መጫወት አልተቻለም። ፖሊጎን ነጥቡን ወደ 8፣ ከዚያ ወደ 4 አወረደው፤ ነገሩ ሲሻሻል ወደ 6.5 መለሰው። እንግዲህ ጸሐፊውን ልጠይቅ፦ ከእነዚህ አራት ቁጥሮች አንባቢው የፈለገው የትኛውን ነው? ቁጥሩ ለምን እንደተቀያየረ ካልተነገረው አራቱም ለእሱ አንድ ናቸው። ሲነገረው ግን ቁጥሩን ቢረሳው እንኳ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ ጥቂት ይጠብቃል፣ ወይም ጨርሶ ይተወዋል።

ቁጥር ይጥፋ ማለቴ አይደለም። ዩሮጌመር የተባለው የጌም ድረ ገጽ በ2015 ነጥብ መስጠት አቁሞ በ2023 ተመልሶበታል፤ ሰው ቁጥር እንደሚወድ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ይኑር። ጽሑፉን ማሟያ ማለት ነው የከነከነኝ።

ከጸሐፊው ጋር ጨርሶ የምንለያየው ሁለተኛው ላይ ነው። ገምጋሚ ስሜቱን አውጥቶ ግራፊክሱን፣ ድምፁን፣ የቁልፉን አሠራር እንደ ንብረት መዝገብ ይዘርዝር ይላሉ።

በእኛ አካባቢ ምስክር ሽማግሌ ፊት ሲቆም፣ «የት ቆመህ ነው ያየኸው?» ይባላል። ከአጥሩ ወዲህ ነበርክ ወይስ ወዲያ? መሽቶ ነበር ወይስ ገና ብርሃን ነበር? ከተጣሉት ሰዎች ከማናቸው ጋር ትዛመዳለህ? ምስክሩ የቆመበትን ካልተናገረ ቃሉ አይያዝለትም። ከተናገረ ግን ሰሚው ከቃሉ ምን ያህሉን እንደሚወስድ ራሱ ይመዝናል። የጌም ግምገማ ለእኔ እንዲህ ያለ ምስክርነት ነው። ጌም ከሰው እጅ ውጭ የሚለካ ነገር አይደለም። ቁልፉን ተጭነህ ተጫዋቹ ኳሷን እስኪመታት ያለችው ቅጽበት የዘገየችው በአንድ ሰው አውራ ጣት ነው። በጨለማው ቤት ኮሪደር ውስጥ ስትሄድ የሚሰማህ ፍርሃት ያለው በአንተ ደረት ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ አውጥቶ የቀረውን የሚጽፍልኝ ሰው የማሸጊያ ካርቶኑ ላይ ያለውን ነው የሚገለብጥልኝ።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ደንበኛ አለኝ። ማታ ሥራውን ሲጨርስ ይመጣል፣ ጋቢውን እንደለበሰ ሦስት ጨዋታ ይጫወታል፣ ይሄዳል። ለእሱ ጥሩ የኳስ ጌም ማለት ቶሎ የሚጀምርና ጎል የሚበዛበት ነው። ሌላው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ ቡድን ያሠለጥናል፣ ተጫዋች ይገዛል ይሸጣል፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ አይነሳም። ጎል የሚበዛበት ጌም ለእሱ የተበላሸ ጌም ነው፣ «ኳስ እንዲህ አይደለም» ይላል። ሁለቱ ፔስ ስለሚባለው አንድ የኳስ ጌም ቢጽፉ አንዱ ያመሰግነዋል፣ አንዱ ያማርረዋል። እኔ ሁለቱንም አነባለሁ፤ ሁለቱንም ስለማውቃቸው ሁለቱም ይጠቅሙኛል። ሹፌሩ አሰልቺ ነው ካለኝ፣ ለሠራተኛው ልደውልለት እችላለሁ ማለት ነው። አንባቢ ከገምጋሚ ጋር ሲሰነብት የሚፈልገው ይህን ዓይነት ትውውቅ ነው። አንድ ሁለት ጊዜ ካነበብኩት በኋላ ከእኔ ጋር የት እንደምንስማማና የት እንደምንለያይ ካወቅኩ፣ የማልስማማበት ሰው እንኳ ጥሩ መሪ ይሆነኛል።

የጃፓኑ ፋሚትሱ መጽሔት ይህን ከብዙ ጊዜ በፊት ገብቶት ነበር። አንድን ጌም አራት ሰዎች ያዩታል፣ እያንዳንዳቸው ከ10 ይሰጣሉ፣ ድምሩ ከ40 ይወጣል። እኔ ከድምሩ ይልቅ የምወደው አራቱ ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ነው። አንዱ 9፣ አንዱ 6 ሲሰጥ አንባቢው «እነዚህ ሰዎች የተለያዩት ምን ላይ ነው?» ይላል፤ ግምገማ ማንበብ የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ጸሐፊው ስሜትን የፈሩት አድልዎን ስለፈሩ ይመስለኛል። ፍርሃታቸው ተገቢ ነው፤ ግን አድልዎ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። በ2007 ጌምስፖት ላይ ይጽፍ የነበረው ጄፍ ገርስትማን ለኬን ኤንድ ሊንች ከ10 ስድስት ሰጠ። ያን ጊዜ ድረ ገጹ በዚያው ጌም ማስታወቂያ ተሸፍኖ ነበር። ገርስትማን ከሥራ ተባረረ፤ በ2012 ስለ ጉዳዩ ለመናገር ነጻ ሲሆን ከማስታወቂያ ሰጪዎች የመጣው ጫና እንደነበረበት አረጋገጠ። እሱ የጻፈው የተሰማውን ነው። ችግር የሆነው የእሱ ስሜት ሳይሆን የሌሎች ገንዘብ ነበር። ስለዚህ አንባቢ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህ ሰው ስሜት አለው ወይ?» ብሎ አይደለም። ጌሙን በነጻ ነው ያገኘው? ማን ሰጠው? ሲሰጡትስ ምን አትናገር አሉት?

ሳይበርፐንክ 2077 የተባለው ጌም የወጣው ዲሴምበር 10፣ 2020 ነው። ገና ሳይወጣ ከስምንት ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ ገዝቶታል። ከመውጣቱ በፊት ለገምጋሚዎች የተሰጠው የኮምፒውተሩ ቅጂ ብቻ ነበር፤ ራሳቸው የቀረጹትን ምስል እንዳያሳዩም ተከልክለው ነበር፣ ከኩባንያው የተሰጣቸውን ብቻ ነው የሚያሳዩት። ግምገማዎቹ በአብዛኛው ውዳሴ ነበሩ። ሰው በፕሌይስቴሽን 4 ሲከፍተው ግን ይቆራረጣል፣ ይቆማል፣ ራሱን ዘግቶ ይወጣል። በሳምንቱ የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ ከመደብሩ አወረደው፣ ገንዘብም መለሰ፤ ጌሙ የተመለሰው በጁን 2021 ነው። ያ ሁሉ ገምጋሚ ዋሽቷል አልልም። ያዩትን ነው የጻፉት። ችግሩ የቆሙት ውድ ኮምፒውተር አጠገብ ነበር፤ እኔና ደንበኞቼ ያለነው ደግሞ በ2013 በወጣ ማሽን ፊት ነው። «እኔ ያየሁት በኮምፒውተር ነው፣ የፕሌይስቴሽን 4ቱን አላሳዩንም» ብለው በግልጽ የጻፉ ነበሩ፤ አንባቢን ያገለገሉት እነሱ ናቸው። ያ ዓረፍተ ነገር በጸሐፊው ሚዛን የገምጋሚው የግል ጉዳይ ነው። በእኔ ሚዛን ከግምገማው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

አንድ ስም በሁለት ማሽን ላይ ሁለት ጌም ሊሆን እንደሚችል ሌላም ማስረጃ አለ። ፊፋ 21 ለኒንቴንዶ ስዊች ሲወጣ የቡድኖቹ ስብስብና ማሊያው ታደሰ፣ ጨዋታው ግን ያው ያለፈው ዓመት ነበር። አይጂኤን የተባለው ድረ ገጽ የፊፋ 20ን ግምገማ መልሶ አወጣውና ከ10 ሁለት ሰጠው። በሌላው ማሽን ላይ የወጣው ፊፋ 21 አዲስ ጌም ነበር። «ፊፋ 21 እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ አንባቢ ማሽኑ ካልተነገረው የተሳሳተውን ይዞ ይሄዳል።

ሳይጨርሱ መጻፍ ስላሉት ብዙ አልናገርም፤ በከፊል እስማማለሁ። ታሪክ ያለው ጌም መጨረሻው ሊያበላሸውም ሊያቃናውም ይችላል። ግን የኳስ ጌም መጨረሻ የለውም፣ ኦንላይን የሚሠራውም የለውም። ክራሽ ቲም ሬሲንግ ናይትሮ ፉይልድ በጁን 2019 ወጥቶ ከተገመገመ በኋላ በኦገስት በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛ ነገር ተጨመረበት፤ ቀድሞ የጨረሰው ሁሉ ያንን አላየም። ስንት ሰዓት እንደተጫወትክ፣ እስከ የት እንደደረስክ፣ በየትኛው ወር እንደሆነ ጻፍልኝ፣ ይበቃኛል። የታሪኩን መጨረሻ መናገር ነውር ነው ያሉትን ግን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ አንድ ልጅ እኔ ቤት የሚወደውን ጌም መጨረሻ ከአፉ ነጥቀው ሲነግሩት ያለቀሰውን አይቻለሁ።

አሁን ወደ ኢንተርኔቱና ወደ መብራቱ። ጸሐፊው እነዚህ የአንባቢው የቤት ጣጣ ናቸው፣ ግምገማ ስለ ጌሙ ነው ይላሉ። ይህን ያነበበው ተማሪ ድምፁ የተለወጠው እዚህ ላይ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እኔ ቤት ሦስት ጌሞች በአንድ ጊዜ ከአገልግሎት ወጡ። ለብቻ የሚጫወቱባቸው ናቸው፣ ከማንም ጋር አያገናኙም፤ ሲከፈቱ ግን ከሰርቨር ጋር ካልተነጋገሩ አልገባም ይላሉ። ከመግዛቴ በፊት ስለ ሦስቱም አንብቤያለሁ። ስለ መልካቸው፣ ስለ ሙዚቃቸው፣ ስለ ታሪካቸው በዝርዝር ተጽፎ ነበር። ያለ ኢንተርኔት ይከፈታሉ ወይስ አይከፈቱም የሚለውን ግን አንዱም አልጻፈም። ጣጣው የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በማርች 2022 የመኪና እሽቅድምድም ጌሙ ግራን ቱሪዝሞ 7 ሰርቨሩ ለጥገና ተዘግቶ ከ30 ሰዓት በላይ ሲቆይ በዓለም ዙሪያ ሙሉ ዋጋ የከፈለ ሰው ብቻውን መንዳት እንኳ አብዛኛውን ክፍል አልቻለም። የጌሙ አሠራር ነው እንዲህ ያደረገው። የጌሙ አሠራር ከሆነ ደግሞ የግምገማው ጉዳይ ነው።

መብራቱም እንደዚያው ነው። ጌም ሁሉ መብራት ሲጠፋ ይጠፋል፤ ልዩነቱ የት ቦታ ይመልስሃል የሚለው ነው። አንዳንዱ በየደቂቃው ራሱ ሴቭ ያደርጋል። አንዳንዱ ሴቭ የሚያደርገው የተወሰነ ቦታ ስትደርስ ብቻ ነው፣ ከአንዱ ቦታ እስከ ሌላው ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በሰዓት የከፈለ ልጅ ሃያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሲሄድበት ማን ይካሰው? እሱ ጥፋት የለበትም፣ እኔም የለብኝም። ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ የምክሰው። «ቶሎ ቶሎ ሴቭ ያደርጋል» የምትል አጭር ዓረፍተ ነገር ግምገማ ውስጥ ባገኝ ገምጋሚውን ባላውቀውም እመርቀዋለሁ።

ቦታውም አለ። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 በኮምፒውተር 150 ጊጋ ባይት ቦታ ይጠይቃል። 500 ጊጋ ያለው ማሽን ላይ እሱን ማስገባት ማለት ደንበኛ የለመዳቸውን ስንት ጌሞች ማውጣት ማለት ነው። ሙቀቱስ? ደብረ ብርሃን ብርዱ ያግዘናል፤ ጠዋት ማሽኑን ስከፍት ክፍሉ ራሱ ፍሪጅ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ እንደኔው ፕሌይስቴሽን ቤት ያለው ወዳጄ ግን ማሽኑ እንዳይግል ሁለት ማራገቢያ ደቅኖ ነው የሚሠራው፤ አንዳንድ ጌም ሲከፈት የማሽኑ ድምፅ እንደ ወፍጮ ቤት ይሆንበታል። ጣርማ በርን ወረድ ሲሉ አገሩ ሌላ፣ የሚጠየቀውም ጥያቄ ሌላ ነው። የውጭ ገምጋሚ ይህን አያውቅም፣ አልፈርድበትም። የእኛ ገምጋሚ ግን ማወቅ አለበት።

የፊደሉ መጠን ደግሞ ከሁሉ የተረሳው ነው። ዴድ ራይዚንግ የተባለው ጌም በ2006 ሲወጣ ጽሑፉ የተሠራው ለአዲሶቹ ትልልቅ ስክሪኖች ስለነበር በድሮ ቴሌቪዥን ላይ ለማንበብ አስቸጋሪ ነበር፤ ብዙ ተጫዋች አማረረ። እኔ ቤት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሁለት ድንቡሽ ያሉ የድሮ ቴሌቪዥኖች ነበሩ፣ ስለዚህ ነገሩ በደንብ ይገባኛል። በተቃራኒው በ2020 የወጣው ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል 2 ፊደል ማጉላትን ጨምሮ ከ60 በላይ ማስተካከያዎች ይዞ መጣ፤ ዓይኑ የደከመ፣ ጆሮው የማይሰማ፣ እጁ ቁልፍ ደጋግሞ መጫን የማይችል ሰው ሁሉ እንዲጫወት ታስቦ። አንድ እጁ የማይታዘዝለት ደንበኛ አለኝ። ለእሱ «ቁልፎቹን መቀየር ይቻላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከግራፊክስ በፊት ይመጣል። ይህንንም የቤት ጣጣ ነው እንበለው?

ስለ ቪዲዮ የተባለው ግማሽ እውነት አለው። ጌሙ የሚቆራረጥ መሆኑን አንድ ገጽ ሙሉ ከማነብ አንድ ደቂቃ ባየው ይሻለኛል። ነገር ግን ቪዲዮ የእጅን ነገር አያሳይም፤ ቁልፉ ይዘገያል ወይስ አይዘገይም የሚለውን የሚነግርህ የያዘው ሰው ነው። የሃያ ደቂቃ ቪዲዮ የሚበላውን ዳታ ደግሞ በካርድ የሚሞላ ሰው ያውቀዋል፤ በዚያው ዳታ ስንት ጽሑፍ ይነበብ ነበር። በጽሑፍ ውስጥ «ሁለት ሰው» የሚለውን ቃል ፈልጌ በአንድ አፍታ አገኘዋለሁ፣ ቪዲዮ ውስጥ ግን እስኪመጣ እጠብቃለሁ። በሳይበርፐንክ ጊዜ ደግሞ ሕዝቡ ቪዲዮ አልጎደለበትም፤ ያየው ምስል ኩባንያው የመረጠው ነበር።

የመጨረሻው ነጥባቸው አማርኛ ነው። ጌመሩ እንግሊዝኛ ስለሚያነብ በአማርኛ መገምገም አያስፈልግም አሉ። ምናልባት እሳቸው የሚያውቁት ጌመር እንዲያ ይሆናል። እኔ ቤት የሚመጡት ልጆች አብዛኛዎቹ ሜኑውን የሚያውቁት በቦታው ነው፤ ከላይ ሦስተኛው «ጀምር» እንደሆነ፣ ከሥሩ ያለው «ውጣ» እንደሆነ በቃላቸው ይዘውታል። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ በአንድ ጌም ሦስት ቀን አንድ በር ላይ ቆሞ ቀረ። በሩን እንዴት እንደሚከፍት አንድ ሽማግሌ ገጸ ባሕርይ ነግሮታል፣ ግን በጽሑፍ ነው የነገረው። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ እኔ ያልቻልኳቸውን የጌሙን አለቆች (ዋና ዋና ጠላቶች) ሁሉ አንድ በአንድ ጥሏል። ቁጭ ብዬ ሳነብለት በሁለት ደቂቃ አለፈ። «ይህ ጌም እንግሊዝኛ ሳይነበብ ይኬዳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በእንግሊዝኛ በሚጻፍ ግምገማ ውስጥ ከቶ አይነሳም፤ ማንሳትም አያስፈልገውም። ሊያነሳው የሚችለው በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ብቻ ነው።

በአማርኛ የሚወጡት ብዙዎቹ ግምገማዎች ከውጭ የተተረጎሙ ናቸው ያሉትን እቀበላለሁ። እኔም አይቻለሁ፤ የሌላ ሰው ስሜት በሌላ ሰው ቋንቋ። መድኃኒቱ ግን መተው አይደለም፤ ተጫውቶ መጻፍ ነው። ደግሞስ የራሳችንን ማን ሊገመግምልን ነው? የአገራችን ጌም ሠሪ ቅኔ ጌምስ የዶሮዋን ጌም ኩኩሉን ሲሠራ፣ ገበታን ወደ ስልክ ሲያመጣ፣ ዶሮዋም ገበታውም የእኛው ናቸው። ገበታ በልጅነቱ መሬት ቆፍሮ በጠጠር የተጫወተ ሰው፣ የስልኩ ገበታ ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ጠጠር ሲቆጠር የሚሰማው ድምፅ እንኳ ትክክል መሆኑን ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው ካልጻፈ ሠሪዎቹ የሚያገኙት ኮከብ ብቻ ነው። በኮከብ ብቻ ደግሞ ምን እንደሚያስተካክሉ አያውቁም።

እኔ ቤት ባንኮኒው ላይ አንድ ደብተር አለ። ከሦስት ዓመት በፊት ነው ያስቀመጥኩት። አዲስ ጌም ሲገባ መጀመሪያ የተጫወቱት ይጽፉበታል፦ በየትኛው ማሽን፣ ከማን ጋር፣ ስንት ሰዓት፣ ከዚያ የፈለጉትን። የባጃጁ ሹፌር ሁልጊዜ አንድ መስመር ነው የሚጽፈው። የመንግሥት ሠራተኛው ገጽ ይጨርሳል። ያ በር ላይ የቆመው ልጅ ደግሞ፣ «ሽማግሌውን አናግሩት፣ ካልገባችሁ እኔን ጠይቁኝ» ብሎ ስሙን ጽፏል፤ ከዚያ ወዲህ አራት ልጆች ጠይቀውታል። ዲስክ ላስገባ ስል አሁን መጀመሪያ የምገልጠው ይህን ደብተር ነው።

ጸሐፊው በደሴ መንገድ የሚያልፉ ከሆነ ጠባሴ ላይ ይውረዱና ጎራ ይበሉ። ሻይ አለ። ደብተሩ ላይ አንድ ባዶ ገጽ ትቼላቸዋለሁ፤ ከላይ ጥያቄዋን ብቻ ጽፌባታለሁ።